ረጅም ዕድሜና አጭር ዕድሜ ሲፋቀሩ

በሠርግ ቀን ሽማግሌዎች ተነሥተው «ወልዳችሁ ሳሙ፤ አብሮ ያስረጃችሁ» ብለው ሙሽሮችን ይመርቃሉ። ይህን ምርቃት ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ከመካከላችንም ብዙዎች ለሌሎች ሰጥተውታል። የቃሉን ክብደት ቆም ብለን የመረመርን ግን ጥቂቶች ነን። መራቂው ሀብትን አላነሣም፤ ሹመትንም አላነሣም፤ ረጅም ዕድሜን እንኳ ለብቻው አልጠራም። የተመኘው አብሮ ማርጀትን ነው። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ እያረጀ ሁለተኛው ሳያረጅ ቢቀር፣ ወይም ለአንዱ አንድ ቀን የሆነው ለሁለተኛው አሥር ዓመት ቢሆን፣ ያ ትዳር እንዴት ያለ ትዳር ይሆን ነበር?

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሣ ይመስላል። ዳሩ ግን ልዩ ልዩ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ በተረታቸው ሲመላለሱበት ኖረዋል። በኋለኛው ዘመንም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታየ አንድ ታሪክ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ብዙ ቤተ ሰብ አነጋግሯል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ነገሩን ከመነሻው ጀምረን ለክቡራን አንባቢዎቻችንና ለክቡራት እመቤቶች እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የጥንት ሰዎች ያወሩት

የግሪክ ሰዎች እንዲህ ይሉ ነበር። ኤዎስ የምትባል የንጋት አምላክ ቲቶኖስ የሚባለውን የትሮያ ልዑል ወድዳ ወደ ቤቷ ወሰደችው። እርሷ የማትሞት፣ እርሱ ግን ሟች ስለ ነበረ፣ ወደ አማልክት አለቃ ወደ ዜውስ ቀርባ ወዳጇ ለዘላለም እንዲኖር ለመነች፤ የለመነችውም ተፈቀደላት። ነገር ግን እንዳይሞት ስትለምን፣ እንዳያረጅም መለመን እንደሚገባት አላሰበችም። ወጣት ሳለ በደስታ አብረው ኖሩ። በራሱና በጢሙ ላይ የመጀመሪያው ሽበት ብቅ ባለ ጊዜ ግን ከመኝታው ራቀች። በመጨረሻም እጅ እግሩን ማንቀሳቀስ ባቃተው ጊዜ በእልፍኝ አስተኝታ በሩን ዘጋችበት፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ብቻ ያለ ማቋረጥ ይሰማ ነበር ይባላል።

የጃፓን ሰዎች ደግሞ ኡራሺማ ስለሚባል ዓሣ አጥማጅ ያወራሉ። ይህ ሰው ከባሕር በታች ወዳለ ቤተ መንግሥት ሄዶ ከልዕልቲቱ ጋር ጥቂት ዘመን በደስታ ከተቀመጠ በኋላ ወላጆቹን ናፈቀ። ልዕልቲቱም እንዳይከፍተው አስጠንቅቃ አንድ ሣጥን ሰጥታ አሰናበተችው። አገሩ ሲደርስ 300 ዓመት አልፎ ነበር። የሚያውቀው ሰው አላገኘም፤ ኀዘኑም በጸናበት ጊዜ ሣጥኑን ከፈተና በቅጽበት ሽማግሌ ሆነ። የዚህ ሰው ወሬ በ720 ዓ.ም. በተፈጸመው ኒሆን ሾኪ በተባለው የጃፓን ዜና መዋዕል ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል።

በእኛም አገር መጽሐፍ ያነበበ ሰው የአቤሜሌክን ነገር ያውቃል። በነቢዩ በኤርምያስ ዘመን በለስ ይዞ በዛፍ ጥላ ሥር አንቀላፍቶ ከ66 ዓመት በኋላ ሲነቃ በለሱ ገና እንደ ለመለመ ነበር፤ ከተማይቱ ግን ስለ ተለወጠች መንገድ የሳተ መስሎት ግራ ገባው። ለአንዱ እንደ አንድ ቀትር እንቅልፍ የሆነው ለሌሎች አንድ ሙሉ ትውልድ ነበረ ማለት ነው።

ሁለት ልብ ያለው መንገደኛ

አሁን ወደ እንግሊዝ አገሩ ታሪክ እንመለስ። ቢ.ቢ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ኖቬምበር 23 ቀን 1963 «ዶክቶር ሁ» የተባለውን ትርኢት ማሳየት ጀመረ፤ ትርጓሜውም «ዶክቶር ማን» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ አዘጋጅ ቬሪቲ ላምበርት የምትባል፣ ያን ጊዜ ገና 28 ዓመት ያልሞላት ሴት ነበረች። ትርኢቱ እስከ 1989 ድረስ ከቆየ በኋላ፣ በ2005 እንደ ገና ተጀመረ።

ዶክቶር የሚባለው ሰውዬ በመልክ እንደኛ ያለ ሰው ይምሰል እንጂ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። በደረቱ ውስጥ ሁለት ልብ ይመታል። ታርዲስ የምትባለው መጓጓዣው ከውጭ ስትታይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የፖሊስ የስልክ ሣጥን ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ከውጭዋ ይልቅ እጅግ ሰፊ ነው። በእርሷም ወዳለፈው ዘመን ይመለሳል፤ ወደሚመጣውም ይሻገራል። ለሞት በቀረበ ጊዜ መላ አካሉ ተለውጦ በአዲስ መልክ ይነሣል። ይህም ነገር በ1966 የተገኘ ብልኃት ነው፤ የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ስለ ታወከ፣ አዘጋጆቹ ታሪኩን ሳያቋርጡ ሌላ ተዋናይ ለመተካት ያሰቡት ዘዴ ነበር። ከችግር የተወለደው ይህ ዘዴ ግን ትርኢቱን ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ አደረሰው። ትርኢቱ በ2005 ሲመለስ ዶክቶሩ 900 ዓመት እንደ ኖረ ይናገር ነበር። አብረውት የሚጓዙት ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው የተቆጠረ የምድር ልጆች ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ሟች የሆነችውን ሴት ቢወድድ ምን ያደርጋል?

የካካዎ ጽዋ

የመጀመሪያው መልስ በ1964 በአንድ ጽዋ ካካዎ ተሰጠ። ዶክቶሩ በጥንቱ የሜክሲኮ አገር በአዝቴኮች ዘመን ሳለ፣ በአረጋውያን ማረፊያ ከምትኖር ካሜካ ከምትባል ብልህ ሴት ጋር ተዋወቀ። አንድ ቀን ለአክብሮት ያህል ካካዎ አፍልቶ አቀረበላት፤ በትርኢቱ እንደሚታየው ግን በዚያ አገር ልማድ ለሴት ካካዎ ማፍላት ለጋብቻ መጠየቅ ነበር። እርሷ ፈገግ ብላ ተቀበለችው። እርሱ ሳያውቀው የታጨ ሰው ሆነ።

አንባቢ በዚህ ይስቅ ይሆናል፤ እኛም ስቀናል። ፍጻሜው ግን የሚያስቅ አይደለም። ካሜካ የወደደችው ሰው ሊሄድባት መሆኑን ዐወቀች፤ ዐውቃም የሚያመልጥበትን መንገድ ረዳችው። ዶክቶሩ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ የሰጠችውን የደረት ጌጥ ትቶት ሊሄድ አስቀመጠው፤ ጥቂት ተራምዶ ግን ተመለሰና አንሥቶ ያዘው። አንድም የፍቅር ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ያችን ትንሽ ጌጥ ለማንሣት መመለሱ ብዙ ከሚናገር ሰው ይልቅ ብዙ ተናገረ።

ያልተነገረ ስንብት

ከዚያ በኋላ ትርኢቱ ለብዙ ዓመት የፍቅርን ነገር ሸሽቶ ኖረ። በ1976 ሣራ ጄን የምትባል ጋዜጠኛ አብራው ስትጓዝ ሳለ ዶክቶሩ ወደ ትውልድ አገሩ ተጠራ፤ እርሷን ይዞ መሄድ የማይቻለው ስለ ሆነ በምድር ላይ ትቷት ሄደ። ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ2006 የትርኢቱ ደራሲዎች ያችኑ ሴት በዚያችው ተዋናይት በኤልሳቤጥ ስላደን አምሳል መልሰው አመጧት። በፊቷ ላይ የታየው የሠላሳ ዓመት ምልክት እንግዲህ በቀለም የተቀባ አልነበረም፤ እውነተኛ ነበር። ዶክቶሩ ግን በአዲስ መልኩ ከቀድሞው ይልቅ ወጣት መስሎ ቆመ።

ሣራ ጄን የጠየቀችው ጥያቄ በብዙ ቤት ውስጥ የሚጠየቅ ነው፤ ስጠብቅህ ለምን አልመጣህም? የሚል ነው። ዶክቶሩም ሰዎች በፊቱ ሲያረጁና ሲጠወልጉ ማየት እንደማይችል፣ ስለዚህም ሳያይ መሄድን እንደሚመርጥ ገለጠ። ይህ ምክንያት በመጀመሪያ ሲሰሙት ርኅራኄ ይመስላል። ጠልቀው ሲመረምሩት ግን የራሱን ልብ ከኀዘን ለማዳን ሲል የእርሷን ልብ በጥርጣሬ ማቃጠሉ ነው። በመጨረሻ ሣራ ጄን ከእርሱ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም በዚህ ጊዜ እንኳ በግልጽ ደኅና ሁኚ ብሎ እንዲሰናበታት ነው። እርሱም ተሰናበታት። ሠላሳ ዓመት የቆየው ቁስል በአንድ ቃል መዳን ጀመረ።

በእሳት ማንደጃው በኩል

በዚያው በ2006 ስቲቨን ሞፋት የተባለ ደራሲ ከፈረንሳይ ታሪክ አንዲት እውነተኛ ሴት መርጦ ሌላ ታሪክ ጻፈ። ይህች ሴት እመቤት ደ ፖምፓዱር ናት። በ1721 ተወልዳ፣ ከ1745 ጀምሮ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የንጉሡ የሉዊ 15ኛ ወዳጅ ሆና የኖረች፣ ደራሲዎችንና የእጅ ጥበብ ሠራተኞችን የምትረዳ፣ የሴቭርም የሸክላ ፋብሪካ እንዲስፋፋ የደከመች ሴት ነበረች። በ1764 በተወለደች በ42 ዓመቷ ሞተች።

በሞፋት ልብ ወለድ ዶክቶሩ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ በሚኖር የጠፈር መርከብ ውስጥ አንድ የእሳት ማንደጃ አገኘ። በማንደጃው በኩል አጎንብሶ ቢመለከት በፓሪስ በመኝታ ቤቷ ያለችውን ያችን ሴት በሕፃንነቷ አያት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቢመለስ ሴት ልጅ ሆና አገኛት፤ ዳግመኛም ጥቂት ቆይቶ ቢመለስ በቬርሳይ የከበረች እመቤት ሆና ነበር። ለእርሱ አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነው ለእርሷ መላ ዕድሜዋ ነበረ። ክፉ መሣሪያዎች ሊገድሏት በመጡ ጊዜ ዶክቶሩ መመለሻ መንገዱ እንደሚጠፋ እያወቀ በፈረስ መስተዋት ሰብሮ ገብቶ አዳናት። እርሷ ግን የሕፃንነቷን ማንደጃ ድንጋዩ ሳይጎድል ወደ ቬርሳይ አስመጥታ አስተክላው ስለ ነበር፣ ምናልባት ይሠራ እንደ ሆነ ብላ አሳየችው። ሠራም። ዶክቶሩ ደስ ብሎት ዕቃሽን አሰናጂ፣ አሁን እመለሳለሁ ብሏት በማንደጃው አለፈ።

ለእርሱ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ሲመለስ ግን ዓመታት አልፈው ነበር። ንጉሡ ብቻውን ቆሞ አገኘው፤ በውጭም ዝናብ እየዘነበ አስከሬኗን የያዘው ሠረገላ ከቤተ መንግሥቱ ይወጣ ነበር። ንጉሡም ለእርሱ ትታው የሄደችውን ደብዳቤ ሰጠው። በደብዳቤውም ይመጣል እያለች ተስፋ ሳትቆርጥ መጠበቋን አነበበ።

ይህን ታሪክ ከሌሎቹ የሚያከብደው ዶክቶሩ ክፉ አለመሆኑ ነው። አላታለላትም፤ አልከዳትም፤ አልጠላትም። ያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእርሱ «አሁን» እና የእርሷ «አሁን» እኩል መስለውት ነበር።

ይኸው ሞፋት ከብዙ ጊዜ በኋላ በ2022 የአሜሪካዊቷን የኦድሪ ኒፈኔገርን ልብ ወለድ ለቴሌቪዥን አዘጋጅቷል። በ2003 የታተመው ይህ መጽሐፍ በሺካጎ ከተማ ያለ ሄንሪ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳይወድድ በዘመናት መካከል እየተወረወረ ሲኖር፣ ክሌር የምትባል ሚስቱ ስትጠብቀው የሚያሳይ ነው። የመጽሐፉ ስም በእርሷ እንጂ በእርሱ አለመጠራቱን ልብ ይሏል። የሚሄደው እርሱ ነው፤ ታሪኩ ግን የምትጠብቀዋ ሴት ነው።

አንድ ልብና አንድ ሌሊት

ከዶክቶሩ ወዳጆች ይልቁንም በተመልካች ዘንድ የተወደደችው ሮዝ የምትባል የሎንዶን የሱቅ ሠራተኛ ነበረች። በ2006 ሮዝ ወደማይመለሱበት ወደ ሌላ ዓለም ተለየች፤ ዶክቶሩም ለስንብት በኖርዌይ ባሕር ዳር በምትሐት መልክ ተገለጠላት። የነበራቸው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ነበር። እርሷ እንደምትወድደው ነገረችው። እርሱ መልሱን ሊናገር ስሟን ጠርቶ ሲጀምር ጊዜው አለቀና ተሰወረ። ዘጠኝ መቶ ዓመት የኖረ ሰው ለአንዲት ቃል ጊዜ አጠረው። በ2008 ግን በመልክም በአሳብም እርሱን የሚመስል፣ ልቡ ግን አንድ ብቻ የሆነ፣ እንደ ሰውም የሚያረጅ ሁለተኛ ዶክቶር ተገኘ፤ ከእርሷም ጋር ቀረ። ደራሲው ለሮዝ የሰጣት ትልቁ ስጦታ የማይሞት ባል አይደለም፤ አብሯት የሚያረጅ ባል ነው። የሠርግ መራቂዎቻችን ቢሰሙት ኖሮ «እኛስ ምን አልን?» ባሉ ነበር።

ሌላይቱ ሪቨር ሶንግ የምትባለው ናት። የእርሷና የዶክቶሩ መንገድ ተገላቢጦሽ ነው። በ2008 እርሱ መጀመሪያ ያያት ቀን እርሷ የምትሞትበት ቀን ነበር። ስለዚህ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር የቱን ቀን አብረው እንዳሳለፉና የቱ ገና እንደ ቀረ ለማወቅ ማስታወሻ ደብተራቸውን ያስተያዩ ነበር። ሪቨር ከእርሱ ወገን ኃይል ጥቂት ስለ ነበራት እንደ እርሱ መልኳን እየለወጠች መኖር ትችል ነበር፤ በ2011 በታየው ክፍል ግን የቀረላትን ዕድሜ ሁሉ ሰጥታ እርሱን ከሞት አዳነችው፤ በዚያውም ዓመት ተጋቡ። በ2015 የገና ዕለት በታየው ታሪክ የመጨረሻ ሌሊታቸውን አሳለፉ። ሪቨር መጨረሻው መድረሱን ዐውቃ ስታዝን፣ ዶክቶሩ በዚያ ዓለም አንዱ ሌሊት 24 ዓመት እንደሚረዝም ነገራት። ብዙ ዘመን ሲሸሽ የኖረው ሰው በዚያ ጊዜ አልሸሸም፤ ያለውን ሌሊት ሙሉውን አብሯት ለመቀመጥ ወሰነ።

ሊቃውንት የሚሉት

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ ተረት ነው ይል ይሆናል። በሁለት ልብ ስለ መኖር ከሆነ እውነት ነው። ጊዜ ለሁሉ እኩል አለመሆኑ ግን ተረት አይደለም። አልበርት አይንሽታይን በ1905 የሚንቀሳቀስ ሰው ሰዓት ከቆመው ሰው ሰዓት ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ አስረዳ። በ1911 ፖል ላንዥቨን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ይህን ለማስረዳት አንድ መንገደኛ አሰበ፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት አንድ ዓመት ሄዶ አንድ ዓመት ቢመለስ፣ ምድርን ከ200 ዓመት በኋላ ያገኛት ነበር። የኡራሺማ ታሪክ በሒሳብ ተጻፈ እንደ ማለት ነው።

በ1971 ጆሴፍ ሃፈልና ሪቻርድ ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እጅግ ትክክለኛ የሆኑ የሴዚየም ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን አሳፍረው ዓለምን አዞሩ። ወደ ምሥራቅ የዞሩት ሰዓቶች በምድር ከቀሩት በ59 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ዘገዩ፤ ወደ ምዕራብ የዞሩት በ273 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ቀደሙ። ከ2015 እስከ 2016 ስኮት ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ የጠፈር ተጓዥ 340 ቀን በሰማይ ሲዞር ከቆየ በኋላ ሲመለስ፣ በምድር ከቀረው መንትያ ወንድሙ ከሴኮንድ መቶኛ በሚያንስ ጊዜ ያህል ያነሰ አረጀ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሕጉ ግን እውነት ነው። የሚሄድና የሚቀር ሰው አንድ ዓይነት ጊዜ አይኖሩም።

ለቤታችን

ክቡራን አንባቢዎቻችን! ከእኛ መካከል ሁለት ልብ ያለው ሰው የለም። ነገር ግን ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ተልኮ፣ በሥራው ብዛት ዓመቱ እንደ ሳምንት ያለፈለት፣ ሲመለስ ግን ትቶት የሄደው ሕፃን ስሙን እየጻፈ ያገኘው ሰው ብዙ ነው። ለእርሱ ጊዜው በርሯል፤ በቤት ለቀረችው ሚስት ግን እያንዳንዱ ምሽት በየተራው መሽቷል። እንዲህ ያለው ባል ሳያውቀው በማንደጃው በኩል አልፏል። ዛሬ በባሕር ማዶ ለትምህርትና ለሥራ የተለያዩ ባልና ሚስትም ይህን ያውቁታል። አንዱ «በቅርቡ እመጣለሁ» ሲል፣ «በቅርቡ» የተባለው ቃል በማን ሰዓት እንደሚቆጠር አስቀድሞ ቢነጋገሩበት ብዙ ኀዘን ይቀር ነበር።

ከታሪኮቹ የምናገኘውን ምክር በአጭሩ እናስቀምጥ። የሚሄድ ሰው ሳይሰናበት አይሂድ፤ ያልተነገረ ስንብት ሠላሳ ዓመት ያቆስላል። የልብን ቃል ለመጨረሻዋ ደቂቃ አያቆይ፤ ጊዜ ለባለ ብዙ ዘመንም ያጥራል። የተለያዩ ባልና ሚስት እንደ ሪቨርና እንደ ዶክቶሩ ቀኑን እየጻፉ ይተያዩ፤ ሕፃኑ ጥርስ ያበቀለበትን፣ ጣራው ያፈሰሰበትን፣ እናት የታመመችበትን ቀን ያልሰማ ባል ሲመለስ እንግዳ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ቢደክም ወይም ቢታመም፣ ጤናማው እንደ ኤዎስ በሩን አይዝጋ። ቲቶኖስን የጎዳው እርጅናው ብቻ አልነበረም፤ በሩ መዘጋቱ ነው።

አንዳንዶች «መለየት ከማይቀር ከመጀመሪያው ባይዋደዱ ይሻል ነበር» ይላሉ። ይህ አሳብ ከሁሉ የሚያሳስተው ነው ብለን እናምናለን። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ተወልደው በአንድ ሰዓት አይሞቱም፤ እንግዲህ ማንም የሚወድድ ሰው ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ ቀድሞ ይሄዳል፤ ወይ ወደ ኋላ ይቀራል። ረጅም ዕድሜ ያለው መንገደኛ የምንለው እንግዲህ በየቤቱ አለ፤ ባሏን ቀብራ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት፣ ሚስቱን ቀብሮ በማዕድ ፊት ብቻውን የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። እነዚህን ብንጠይቃቸው «ባላወቅሁት ኖሮ» የሚል አናገኝም፤ «ጥቂት በቆየ ኖሮ» የሚል ነው የምናገኘው።

ስለዚህ ባል ወይም ሚስት ዛሬ ማታ በቤታቸው ካሉ ሌሊቱ 24 ዓመት እንደማይረዝም አስበው አብረው ይቀመጡ። ርቀው ያሉም ብዕራቸውን ያንሡ። በመጪው ሠርግ ላይም ሽማግሌው «አብሮ ያስረጃችሁ» ሲል አሜን የምንል ሁሉ ምን እንደ ተመኘን ዐውቀን እንበል።